ለከተማ ዛፍ የአካባቢውን ሠራተኛ ማፍራት፦ አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ለከተማ ዛፍ በጀት ሲያዝ «ለአካባቢው ነዋሪ የሥራ ዕድል ይፈጥራል» የሚለው ሐረግ አይቀርም። ዕቅድ ላይ ማስፈሩ ምንም አይጠይቅም። ከባዱ ነገር፣ ዛሬ ችግኝ ይዞ ፎቶ የተነሳው የሰፈር ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላም በዛፍ ሥራ ደመወዝተኛ ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ ነው። እዚህ የማነጻጽረው ሰው ለማፍራት በተግባር የተሠራባቸውን አምስት መንገዶች ነው። የጻፍኩትም ውሳኔው እጁ ላይ ላለ ሰው ነው፦ ለማዘጋጃ ቤት የአረንጓዴ ልማት ኃላፊ፣ ለቴክኒክና ሙያ ተቋም አስተባባሪ፣ ለሰፈር ማኅበር፣ ገንዘብ ለሚሰጥ ድርጅት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛው ዕቅድ «ስንት ሰው እናሠልጥን?» ብሎ ይነሳል። መነሳት ያለበት ግን «በሦስተኛው ዓመት ለማን፣ ለየትኛው ሥራ፣ ከየትኛው በጀት ይከፈላል?» ከሚለው ነው። ተከላ የወቅት ሥራ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ይፈጅና ያበቃል። ሰውን ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራው እንክብካቤ ነው፦ ማጠጣት፣ ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ገለባ ወይም የእንጨት ፍርፋሪ) ማልበስ፣ መግረዝ፣ መፈተሽ፣ የሞተውን መተካት፣ አደገኛውን ማውረድ። የእንክብካቤ በጀት የሌለው ከተማ ከአምስቱ የትኛውንም ቢመርጥ ሠልጣኞቹ ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ይበተናሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም አረንጓዴ ሥራ ብሎ የሚጠራው አካባቢን የሚጠብቀውን ወይም መልሶ እንዲያገግም የሚያደርገውን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ለሠራተኛው ተገቢ ክፍያና ክብር ያለው መሆንም አለበት። በብዙ ፕሮጀክቶች የሚዘነጋው ይኸኛው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ይታወቅ

የከተማ ዛፍ ሥራ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ውስጡ የተለያዩ ሙያዎች አሉ። እያንዳንዱን ለመልመድ የሚወስደው ጊዜም፣ የሚያስከትለው አደጋም ይለያያል። መንገዶቹን ማነጻጸር የሚቻለው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

ተከላን ሁሉም የሚችለው ይመስለዋል። ችግኝ ላይ ግንዱ ወደ ሥር ሲለወጥ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ከመሬት እኩል ሆኖ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ከችግኝ ጣቢያው ሲመጣ አፈር ተደርቦበት ተቀብሯል፤ ተካዩ ደግሞ ጉድጓዱን ያጠልቅና ሌላ አፈር ይጨምርበታል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ሥሮቹ ግንዱን እየዞሩ ያንቁታል፣ የተቀበረው ልጥ ይበሰብሳል፣ ዛፉ ከዓመታት በኋላ ይቀጭጫል ወይም በነፋስ ይወድቃል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ችግኙን ጉድጓድ ከማስገባቱ በፊት የላይኛውን አፈር በጣቱ ገፈፍ አድርጎ ያንን ቦታ ይፈልጋል። በላስቲኩ ቅርጽ የተጠመጠሙትን ሥሮች ቆርጦ ይለቃል፣ ጉዝጓዙንም ከግንዱ አራቅ አድርጎ ያለብሳል። ይህን ለማስተማር ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። አለቃ በሌለበትም፣ መቶኛው ችግኝ ላይም እንዲሁ እንዲደረግ ግን ሠልጣኙ አጠገብ ወቅቱን ሙሉ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ከተከላ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት እንክብካቤ ከብልሃት ይልቅ ታማኝነትን ይጠይቃል። ውሃው በሰዓቱ ካልደረሰ እውቀት አያድነውም። ይህ ሥራ ለሰፈሩ ነዋሪ፣ በተለይ ከቤቱ ርቆ መሄድ ለማይችል ሰው የተመቸ ነው፤ የጽድቀቱ መጠን የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው።

ወጣት ዛፍ መግረዝ ከፍ ያለ ችሎታ ነው። መሬት ላይ ቆሞ በእጅ መጋዝ ይሠራል፣ አደጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ በልጅነቱ የተስተካከለ ዛፍ ሲያረጅ በመኪና ላይ አይሰነጠቅም። ሠልጣኙ ወደ ባለሙያነት መሻገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከበድ ያለ ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚወርድ ብቻ ብንወስድ፣ በአንድ ቁረጥ አይወርድም። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ በጥቂቱ ይገመሳል። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጥና ክብደቱ ይወርዳል። የቀረው ጉቶ መጨረሻ ላይ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ያበጠ አንገት ጠርዝ፣ አንገቱ ራሱ ሳይነካ ይነሳል። የመጀመሪያው ቁረጥ ከተዘለለ ቅርንጫፉ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል፤ አንገቱ ከተቆረጠ ደግሞ ዛፉ ቁስሉን መዝጋት ያቅተዋል። ይህን አንድ ሰው በክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ይረዳዋል፤ እጁ የሚለምደው ግን በወራት ነው።

መውጣት፣ በሞተር መጋዝ መቁረጥና ትልቅ ዛፍ ማውረድ ሌላ ዓለም ነው። ከከፍታ መውደቅ፣ በሚወድቅ ግንድ መመታትና የኤሌክትሪክ መስመር በዚህ ሙያ ሰው የሚገድሉ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካው የሙያው የደህንነት ደረጃ መሠረት ለመስመር ሥራ ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው ኃይል ካለው ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ መስመሩ የሚሸከመው ቮልቴጅ ከፍ ሲል ርቀቱም ይጨምራል። ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ችግር ቢገጥመው የሚያወርደው የሠለጠነ ጓድ ሳይኖር መሥራት የለበትም። ይህን ሥራ በጥቂት ሳምንታት አስተምራለሁ የሚል ፕሮግራም ከዝርዝርዎ ይውጣ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የዛፍ ቆጠራ፣ የአደጋ ፍተሻ፣ የወረደውን ግንድ ወደ ጣውላና ጉዝጓዝ መቀየር ተጨማሪ የሥራ በሮች ናቸው። መውጣት ለማይፈልጉ ወይም ሰውነታቸው ለማይፈቅድላቸው ሰዎች ቆጠራ ጥሩ መግቢያ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ የአጭር ጊዜ የሥራ ዘመቻ

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለጥቂት ወራት ተቀጥሮ እየሠራ ይሠለጥናል። ስሙ የገነነው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1942 የቆየው የሲቪል ጥበቃ ጓድ ነው። ወደ 3 ሚሊዮን የሚሆኑ ወጣቶች አልፈውበታል፣ ከ3 ቢሊዮን በላይ ዛፎች ተክለዋል። ሥራው በአመዛኙ ከከተማ ውጭ ቢሆንም አሠራሩ እስከ ዛሬ ይቀዳል። ከ30 ዶላር የወር ክፍያው ውስጥ ብዙውን ጊዜ 25ቱ በቀጥታ ለወጣቱ ቤተሰብ ይላክ ነበር፤ ልጁ ሥራ ላይ የቆየው ቤቱም ስላልተራበ ነው። ጓዱ ሴቶችን አልቀበለም፣ ጥቁሮችንም በአብዛኛው በተለየ ካምፕ አስቀምጧል። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር የሚያቅድ ሰው ማን በር ላይ እንደሚቀር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረችው «ወርኪንግ ፎር ዋተር» ውሃ የሚመጥጡ መጤ ዛፎችን በድሃ ማኅበረሰብ ጉልበት የሚያስወግድ ፕሮግራም ነው። ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርሻ መድቦ ሠርቷል፤ ከሠራተኞቹም ቡድን የሚመሩ አነስተኛ ተቋራጮችን አፍርቷል። ከዚህ ፕሮግራም የምወስደው ግን የሥራውን ባሕርይ ነው። የተቆረጠው ተክል እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ተመልሶ መሄድ የግድ ነው። ተመላሽ ሥራ ያለው ዘመቻ ሠራተኛውን ያቆያል፤ የአንድ ጊዜ ተከላ ግን አያቆይም።

በፊላዴልፊያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው «ፓወርኮርፕስ» ደግሞ ከትምህርትና ከሥራ የተፈናቀሉ፣ እንዲሁም ከሕግ ጋር ችግር የነበረባቸውን ወጣቶች ይወስዳል። ከከተማው የመናፈሻና የውሃ መሥሪያ ቤቶች ጋር አሠርቶ ወደ ቋሚ ሥራ ወይም ትምህርት ያሸጋግራቸዋል። ይህ ዓይነቱ ዘመቻ ጥሩ ሆኖ የሚሠራው የሚያሸጋግረው ወደ አንድ የታወቀ ቦታ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ዘመቻ በፍጥነትና ብዙ ሰው በማቀፍ አቻ የለውም። ችሎታው ግን ከተከላና ከማጠጣት ብዙም አይዘልም። ዘመቻን ብቻውን አልመክርም፤ ለሁለተኛው መንገድ መግቢያ በር አድርጎ መጠቀም ግን በጣም ያዋጣል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ደመወዝ እየተከፈለ በተለማማጅነት

ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቀጣሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ካለው ሠራተኛ ጋር ይውላል፣ የተወሰኑ ቀናትን ትምህርት ቤት ያሳልፋል፣ በየደረጃው ይመዘናል፣ ደመወዙም አብሮ ያድጋል። ጀርመን ውስጥ የአትክልተኛና የመልክአ ምድር ግንባታ ሙያ የሚለመደው በዚህ ሥርዓት ነው። መደበኛው ጊዜ 3 ዓመት ነው፣ ውሉ ከቀጣሪው ጋር ነው፣ አሠልጣኙ ራሱ ለማሠልጠን ብቁ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሌላ ቦታ ብዙዎች ይዘሉታል። ለሃያ ዓመት ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ጎበዝ አስተማሪ ነው ማለት አይደለም። ትዕግሥት የሌለው አንጋፋ በአንድ ወቅት ብቻ ስንት ተለማማጅ ያባርራል።

የኮሎምቢያዋ ሜደሊን እ.ኤ.አ. በ2016 አረንጓዴ ኮሪደሮቿን ስትጀምር በ30 ኮሪደሮች ላይ መንገዶችንና የውሃ ዳርቻዎችን በዛፍና በቁጥቋጦ አያያዘች። ለዚህም ከተቸገሩ ቤተሰቦች የመጡ 75 ሰዎችን የከተማ አትክልተኛና የተከላ ቴክኒሽያን አድርጋ አሠለጠነች። 75 ለትልቅ ከተማ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛ ነው የምለውም ለዚሁ ነው። ከተማዋ የምትንከባከበው ኮሪደር ነበራት፣ የሠለጠነውም ለዚያ ኮሪደር የሚያስፈልገው ሰው ነው። ሺህ ሰው አሠልጥኖ መበተን ለሪፖርት ያምራል፣ ለሠልጣኙ ግን ምንም አይተውለትም።

የተለማማጅነት ድካሙ ብዙ ነው። ለአንድ ሠልጣኝ የሚወጣው ወጪ ከአምስቱ ሁሉ ከፍ ይላል። የማዘጋጃ ቤቱ የሥራ መደብ መዋቅር ውስጥ ስሙም ደረጃውም ያለ ቦታ ይፈልጋል። የሰው ሀብት ክፍሉ «የዛፍ እንክብካቤ ሠራተኛ» የሚባል መደብ ከሌለው ተለማማጁ በቀን ሠራተኛ ወይም በጥበቃ መደብ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ሙያው ቢያድግም ደመወዙ አያድግም፣ ሲሰለቸው ይሄዳል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ከተማ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት መደቡን ያስፈቅድ። ወረቀቱ ከሥልጠናው ይልቅ ሊረዝም ይችላል፤ ቢሆንም ቀድሞ መጀመር ያለበት እሱ ነው።

ቡድኑም ትንሽ ይሁን። በመግረዝና በመጋዝ ሥራ ላይ አንድ አሠልጣኝ በዓይኑ ሊከታተለው የሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚዘልቅ የእንክብካቤ በጀትና አንድ ጥሩ አሠልጣኝ ያለው ከተማ ወደ ሌላው መንገድ ማማተር የለበትም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ኮሌጅና የብቃት ማረጋገጫ

ቴክኒክና ሙያ ተቋም ገብቶ መማር፣ ከዚያ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት መያዝ። ጥቅሙ ወረቀቱ ከአንድ ቀጣሪ ወደ ሌላው ይዘውት የሚሄዱት መሆኑ ነው፤ የከተማው በጀት ቢቋረጥ ባለሙያው ሌላ በር ያንኳኳል። ሥርዓተ ትምህርት አንዴ ከተዘጋጀም ዓመት ከዓመት ያገለግላል።

የምስክር ወረቀት ሁሉ ግን የመግቢያ በር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር የሚሰጠውን የተመሰከረለት ባለሙያ ማዕረግ ለማግኘት የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ወይም ትምህርትና ልምድን ያጣመረ ብቃት ይጠየቃል፤ ፈተናው 200 ጥያቄዎች አሉት፤ ማዕረጉም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። አንዳንድ ቀጣሪዎች ይህን ማዕረግ ለጀማሪ የሥራ መደብ መስፈርት አድርገው ያወጡታል። ያኔ የሰፈሩ ወጣት ማመልከት እንኳ አይችልም። ማዕረጉ ለቡድን መሪና ለፈታሽ ይጠየቅ፤ ለጀማሪው ከሥራው ጋር የሚገኝ፣ የሚከፈልለት ቀጣይ ደረጃ ሆኖ ይቀመጥ።

የኮሌጅ ትልቁ ጉድለት እጅ አለመፍታቱ ነው። ግቢው ውስጥ ሃያ ዛፍ ያለው ተቋም ሁለት መቶ ተማሪ መግረዝ ሊያስተምር አይችልም፤ ዛፉ አልቆ ተማሪው ይቀራል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ተቋሙን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በራሱ እጅ ስንት ዛፍ ይገርዛል፣ የማን ዛፍ? ጥርት ያለ መልስ ከሌለ ከከተማው ጋር የመንገድ ዛፎችን የሚያጋራ ስምምነት ይቅደም።

አራተኛው መንገድ፦ ተቋራጭ ከአካባቢ ቅጥር ግዴታ ጋር

ከተማው ራሱ አይቀጥርም፤ ሥራውን በጨረታ ያወጣና አሸናፊው ከሰፈሩ ሰው እንዲቀጥር በውሉ ያስገድዳል። ትላልቅና ያረጁ ዛፎች፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ክሬን የሚፈልግ ሥራ ካለ ከዚህ ማምለጥ ያስቸግራል፤ መሣሪያውም ኢንሹራንሱም ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ኩባንያ ጥሩ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችልም አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1880 በኦሃዮ የተመሠረተው የዴቪ የዛፍ ድርጅት የራሱን የሥልጠና ተቋም የከፈተው በ1909 ነው፤ ምክንያቱም ዝግጁ ባለሙያ ከየትም ሊያገኝ አልቻለም።

ችግሩ ውሉ ላይ ነው። «የአካባቢ ነዋሪዎችን ቅድሚያ ሰጥቶ ይቀጥራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። ተቋራጩ ቅርንጫፍ የሚጎትቱ ጥቂት የቀን ሠራተኞችን ከሰፈሩ ይወስዳል፣ መጋዙን የያዙት ከሌላ ቦታ የመጡት ናቸው፣ ውሉ ሲያልቅ የሰፈሩ ሰው እንደመጣ ይመለሳል። የሚሠራ አንቀጽ በቁጥር ይናገራል። ከጠቅላላው የሥራ ሰዓት ምን ያህሉ በሰፈሩ ነዋሪዎች እንደሚሠራ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የሠለጠነ ሥራ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የትኛው ችሎታ እስከ የትኛው ወር እንደሚሰጥ፣ ይህ ባይሆን ከክፍያው ምን እንደሚያዝ ይዘረዝራል። ሰዓት ይቆጠር፤ የሰው ብዛት አይቆጠር። ለአንድ ሳምንት የተቀጠሩ አርባ ሰዎች አንድ ዓመት ከሠራ አንድ ሰው ጋር እኩል አይደሉም።

አነስተኛ የነዋሪ ማኅበራት እንዲወዳደሩ ከተፈለገ ደግሞ ጨረታው ይከፋፈል። የመላው ከተማ ሥራ በአንድ ሰነድ ከወጣ የሚያሸንፈው የታወቀ ነው። ማጠጣትና ወጣት ዛፍ መግረዝ በሰፈር በሰፈር ተከፋፍሎ ለብዙ ዓመት ሲወጣ፣ ከዘመቻ የወጡ ሠልጣኞች ተደራጅተው ሊይዙት ይችላሉ። ክፍያው ግን መዘግየት የለበትም። ስድስት ወር ሳይከፈለው የሚቆይ ማኅበር የሠለጠነ አባሉን ያጣል።

አምስተኛው መንገድ፦ ለጸደቀ ዛፍ ለነዋሪው መክፈል

የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ ሺህ በላይ ሰው እንደሞተበት የሚገመት የመሬት ናዳ ደረሰባት። ከተማዋ በ2020 አንድ ሚሊዮን ዛፍ የማልማት ዘመቻ ስትጀምር ነዋሪዎችን አብቃይ አድርጋ አሰማራች። እያንዳንዱ ዛፍ በስልክ መተግበሪያ ፎቶና መገኛው ተመዝግቦ መለያ ያገኛል። አብቃዩ እየተመለሰ ዛፉ በሕይወት መኖሩን በፎቶ ሲያሳይ ይከፈለዋል። ክፍያው ከተተከለው ጉድጓድ ወጥቶ ከጸደቀው ዛፍ ጋር ታሰረ ማለት ነው።

ከአምስቱ ውስጥ ለነዋሪው በጣም ቅርብ የሆነው ይህ ነው። ቅጥር አይጠይቅም፣ ቢሮ አይጠይቅም፣ ልጅ የምታሳድግ እናትም ከደጇ ሆና ትሠራዋለች። ተቋም ደካማ በሆነበት፣ መሬቱ ገደላማና የተበታተነ በሆነበት ከተማ በፍጥነት ይጀመራል። በሌላ በኩል ግን ሙያ አያስተምርም፣ ገቢውም ትንሽና ጎደሎ ነው፤ ጡረታ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የአደጋ ዋስትና የለውም። ዛፉ የሞተው አብቃዩ ሰንፎ ነው ወይስ ውሃ ጠፍቶ? ይህ በውሉ ካልተለየ ድርቁን የሚከፍለው ድሃው ነው። እኔ በዚህ መንገድ የምሄድ ብሆን ለጉብኝቱ የተወሰነ ቋሚ ክፍያ አድርጌ ለጽድቀቱ ጭማሪ አስባለሁ፤ ከአብቃዮቹም ጎልተው የወጡትን በየዓመቱ ወደ ተለማማጅነት የሚያስገባ ቦታ እይዛለሁ።

የቱ ለማን?

ገንዘቡ ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ የረጅም ሥልጠና ቃል አይገባ። ዘመቻ ይካሄድ፣ ግን ጥቂት ሰው በጥሩ ክፍያ ይያዝ፤ ከገንዘቡም ከፊሉ የዛፍ ቆጠራ ይሠራበት። ቆጠራው ለሚቀጥለው ዓመት በጀት መጠየቂያ ይሆናል፤ ስንት ዛፍ ውሃ፣ ስንቱ ግረዛ፣ ስንቱ መውረድ እንደሚፈልግ የማያውቅ ከተማ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልገው ሊያውቅ አይችልም።

ከተማው ብዙ ያረጀ ዛፍ ካለው ሥራው የመውጣትና የማውረድ ነው፤ ተቋራጭና ተለማማጅነት ይጣመሩ፣ ተለማማጁ በተቋራጩ ቡድን ውስጥ በውል ይመደብ። እዚህ ላይ ዝርያን ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት አካባቢ የተገኘው፣ አሽ የተባለውን የዛፍ ዓይነት የሚቦረቡር ጥንዚዛ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችን ሲገድል፣ መንገዶቻቸውን በአንድ ዓይነት ዛፍ የሞሉ ከተሞች የማውረድ ሥራ በአንድ ጊዜ ወደቀባቸው። የዛፍ ዝርያ ስብጥር የሠራተኛ ፍላጎትንም ይወስናል።

ዛፍ የሌለው፣ አሁን መትከል የሚጀምር ከተማ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ማጠጣትና ወጣት ዛፍ መግረዝ ነው። ለነዋሪ የሚከፈልበት እንክብካቤና ትንሽ የተለማማጅ ቡድን ይበቃሉ። ኮሌጁ በዚህ ጊዜ ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጅ፤ ተማሪ መቀበሉ ግን የሚገረዝ ዛፍ ሲኖር ይድረስ።

ገንዘቡ ከአንድ ምንጭ ብቻ ከሆነስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ለከተማና ለማኅበረሰብ ደን 1.5 ቢሊዮን ዶላር መደበች። ሰው ማሠልጠንን ያካተቱ ብዙ ፕሮጀክቶችም በዚህ ገንዘብ ተነሡ። በ2025 ደግሞ መንግሥት ሲቀየር ከድጋፍ ውሎቹ አንዳንዶቹ ተሰረዙ። በመሐል ላይ የነበረ ሠልጣኝ ፖለቲካውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የቆመውን ደመወዙን ነው። ስለዚህ የአሠልጣኙና የጥቂት ቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ከከተማው መደበኛ በጀት ይውጣ፤ የውጭው ገንዘብ ቡድኑን ለማስፋት ይዋል።

ሰውን ከበር ላይ የሚመልሱ ነገሮች

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የሚከተሉት ካልተስተካከሉ የተመረጠው ሰው አይመጣም፣ ቢመጣም አይቆይም። አበል ቤት ኪራይንና ትራንስፖርትን መሸፈን አለበት፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ለነገ ሙያ ብሎ ዛሬን ሊጾም አይችልም። መንጃ ፈቃድ ለጀማሪ መደብ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ሥልጠናው ራሱ መንጃ ፈቃድ ቢያስጨርስ ይሻላል፣ ቡድኑ መኪናና ተጎታች ስለሚፈልግ። የቀድሞ የወንጀል መዝገብ ለዛፍ ሥራ በራሱ ምክንያት መሆን የለበትም።

ሴቶችን «እናበረታታለን» ማለት አይበቃም። የደህንነት ቀበቶ፣ ጓንት፣ ከመጋዝ የሚከላከል ሱሪ በሴት ልክ ተገዝቷል? መንገድ ላይ በሚዋልበት ሥራ መጸዳጃ የት ነው? ከአንድ ቡድን ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ከምትገባ ሁለት ሦስት ሆነው ቢገቡ ይቆያሉ። ሥራው ማለዳ ስለሚጀምር የሕፃናት ማቆያ ሰዓትም አብሮ መታየት አለበት።

ከዝናብ ወቅት ወይም ከክረምት ቅዝቃዜ ጋር ሥራው የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ያ ወቅት ለሥልጠና፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለቆጠራና ለእንጨት ሥራ ይያዝ እንጂ ሠራተኛ የሚሰናበትበት አይሁን። በዓመት አራት ወር የሚበተን ቡድን በሁለተኛው ዓመት እንደ አዲስ ይሠለጥናል።

ውሳኔው በዚህ ወር የሚወሰን ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ከማንም በፊት አሠልጣኙ ይቀጠር፤ ሥልጠናውን የሚነድፈውም እሱ ወይም እሷ ይሁኑ። ቀጥሎ የሥራ መደቡ ይጠየቅ፣ የዛፍ ቆጠራው ይጀመር። ሠልጣኞቹ የሚመለመሉት ከዚህ በኋላ ነው፣ ችግኝ የሚታዘዘውም እነሱ ሊንከባከቡት በሚችሉት ልክ ነው። ለሪፖርቱ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይያዙ፦ ከተመረቁት ውስጥ ከ12 ወር በኋላ በሙያው ሥራ ላይ ያሉት፣ ከተተከሉት ውስጥ በ3ኛው ዓመት በሕይወት ያሉት። ገንዘብ ሰጪው የተካፋይ ብዛት ከጠየቀ ይጻፍለት፤ የመጨረሻው ክፍያ ግን በእነዚህ በሁለቱ ላይ እንዲታሰር ውሉ ሲፈረም መጠየቅ ይገባል።